ተረከዝ

ነገ በዐሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ወንጂ ከመናኸሪያ፣ አንዱ ካንዱ ሊላቀቅ።
ጥሎ ማለፍ ነው፣ የመልስ ጨዋታ የለም፤
ነገ የወደቀ እስከ ከርሞ አይቆምም።

እኔ ቁጥር ገልባጭ፣ የነጥብ ሰሌዳ፣
ዐሥራ አራት ዓመቴ በዚህ አቧራ ሜዳ።
አልፈርድም፣ አልጮህም፤ ከወንበሬ ሆኜ
እጽፋለሁ ብቻ፣ ዓይኔን ብቻ አምኜ፦
ማን ወዴት እንደመታ፣ ማን ምን እንዳነሳ፣
የትኛዋ እጅ እንደጸና፣ የትኛዋ እንደሳሳ።

ኩለኒን ላስቀድም።
የወንጂ ልጅ ናት፣ እንደ ሸንኮራው ረዥም፤
ክንዷ ሲወነጨፍ አይቸኩል፣ አይዘገይም።
ሰርቪሷ አይሽከረከርም። ከመረቡ በላይ
ይቆማል ጥቂት፣ አድራሻ እንደጠፋው እንግዳ ሰው፤
ከዚያ ድንገት ይወርዳል፣ ማንም ወዳልጠበቀው።
ባለፉት ስድስት ጨዋታ
አርባ ሦስት ሞከረች፣ ዐሥራ አንዱ ሰው ሳይነካው መሬት መታ።
ነፋስ ሲጨመርማ! የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣
ያ ከጋራው አናት ነጫጮቹን ክንፎች የሚያሽከረክር፣
ከገመድ ላይ ልብስ ሰርቆ ለጎረቤት የሚያበድር፤
ያኔ ኳሱ የእሷ ብቻ አይሆንም፣
ሁለት መቺ አለው፣ አንደኛው ዳኛ አይፈራም።

በወዲያ በኩል ትርሲት።
«ይቺ ድንክ ምን ልትሠራ?» ብለው የሳቁባት
ዛሬ ሰርቪስ ሲመቱ ይሸሻሉ ከእሷ ፊት።
ያደገችው በሚኒባስ ጎማና በረዳት ጩኸት መሃል፤
የሚመጣን አስቀድሞ ማየት፣ ማን እንደሷ ያውቃል!
ክንዷን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሰብራ፣
ኳሱን ትቀበላለች እንደ አደራ።
ግን ከኋላ መቆም ታበዛለች። ከፊቷ የሚወድቅ አጭር ኳስ
ዘጠኝ ጊዜ መጥቶባታል፤ ስድስቱ አረፈ ሳትደርስ።

ሌላም ሌላም አለ፤ አጥቂዋ ሲፈን፣ ግድግዳዋ ሙሉእመቤት፣
ሰፈሩ የሚወራረደው በእነሱ ነው፣ በየጁስ ቤት።
ይወራረድ። እኔ የነገውን ጨዋታ
ያየሁት በአንድ ተረከዝ ነው፣ ከመሬት ሲለቅ ለአፍታ።

ኩለኒ አጭሩን ልትመታ ስትል
ግራ ተረከዟ ይነሳል፣ የጣት ውፍረት ያህል።
ረዥሙን ከሆነ፣ ሁለቱም እግሯ እንደ ችካል።
ሦስት ዓመት ፈጀብኝ ይህን ለማየት፤
አሠልጣኟ አያውቀውም፣ እሷም ራሷ ምናልባት።

ማክሰኞ ማታ የመናኸሪያው አሠልጣኝ ለስላሳ ጋበዘኝ፣
«ጋሽ ወልደሐና፣ ያቺ ደብተር…» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።
«ቁጥር ገልባጭ ነኝ» አልኩት፣ «ያልተቆጠረ አልገልጥም።»
ለስላሳውን ግን ጠጣሁት፤ ሙቀቱ አያስችልም።
እውነቱን ካወራን፣ ቤቴ ከመናኸሪያ ጀርባ ነው።
አፌ ላይ የመጣውን ቃል
ሦስት ሌሊት ከምራቄ ጋር ዋጥሁት።

ዛሬ ሲመሽ መረብ ልወጥር፣ መስመሩን በኖራ ላድስ ብሄድ
ሜዳው ባዶ አልነበረም።
ትርሲት ናት፣ በመንገዱ መብራት ጭላንጭል፤
ታናሽ ወንድሟ ከማዶ ኳስ ይመታል።
ከኋላ ትቆማለች፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ እንደ መብረቅ፣ ወደ ፊት።
ዓይኗ ኳሱ ላይ አይደለም። ከልጁ እግር ሥር ነው፣ ከመሬት።
«ግራ ተረከዝህን አንሳ አልኩህ እኮ!» አለችው።

ደብተሬን ከብብቴ ሸጎጥኩ።
አፈርኩም፣ ሳቅሁም።
በቁልፍ የዘጋሁት በር
ለካ መስኮቱ ክፍት ነበር።

እንግዲህ ማን ያሸንፋል ትሉኝ ይሆናል።
አላውቅም። ኩለኒም ዓይን አላት፤
መታየቷን ካየች፣ ተረከዟን አንስታ
ረዥሙን ትሰድባት ይሆናል፣ ልጅቷ ወደ ፊት ስትሮጥ።
ትርሲትም ይህን አስባ፣ ሳትሮጥ ትቀር ይሆናል።

ከጋራው በኩል መንፈስ ጀምሯል።
ኖራው ገና ሳይደርቅ በነነ።
ገመዱን አንዴ ደግሜ አጠበቅሁት፤
መረቡ ግን አላረፈም።