ኡራል፣ አንድ ለሃያ

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ በወጣሁ ማግስት
አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ገዛሁ፤
ወተቱን ለጎረቤት ሰጥቼ
ባዶ ቆርቆሮውን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።
መቀስ፣ ሽቦ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ሱፐር ግሉ በዱቤ፤
ሽምብጥ፣ ከአጥሬ ጥግ፣ ሐይቁን ወደ ጎኔ አቅርቤ
ኡራል ልሠራ ተቀመጥኩ።

ሰባት ሜትር ከምናምን ነበር የእውነተኛው ርዝመቱ፤
ለሃያ አካፈልኩት። ይሄኛው ክንዴ ላይ ይተኛል፣
እንደ አራስ ልጅ፣ እስከነመብራቱ።

ጎማው ከነጠላ ጫማ ነው፤ የባለቤቴ፣ ያረጀ።
ስድስቱን ካንዱ አወጣሁ፤
ትርፍ ጎማው ሁለተኛውን ፈጀ።
እሷ አልተቆጣችም። ጫማውን አየች፣ መኪናውን አየች፣
«ይሄ ደግሞ የት ሊወስድህ ነው?» አለች።

መስኮቱ የስኳር ክኒኔ የታሸገበት ላስቲክ ነው፤
ክኒኑ ወጥቶ የቀረው ጉድጓድ የፊት መብራት ወጣው።
የጭነቱ ወለል ደንገል።
ታንኳ ሠሪዎቹ የጣሉትን ሰንጥቄ፣ ነጭ ሆዱን አውጥቼ
አሰጣሁት ለሁለት ቀን።
ሲደርቅ ጣውላ ይመስላል፤ ብቻ ድምፅ የለውም ሲመታ።
ለዚያ ይሆን የመረጥኩት?
እንጃ። አላሰብኩበትም ያን ማታ።

ቀለሙ ነው ያስቸገረኝ።
አግማስ ጀልባ ቀቢው ሩብ ጣሳ አረንጓዴ ሰጠኝ።
«ይሄ የሠርግ ነው» አልኩት፤ ሳቀብኝ።
ጥላሸት ጨመርኩ፣ ጠቆረ፤
ቢጫ ጠብ አደረግሁ፣ እምቦጭ መሰለ፣ ሐይቁን የወረረ።
በአውራ ጣቴ ጥፍር እየቀባሁ ወደ ብርሃን አነሳሁ፤
ሠላሳ አምስት ዓመት አሻግሬ ባይ ባይ
የቱ እንደነበር ረሳሁ።
ደግሞስ ቀለሙን ማን አየው? ከላይ እስከ ታች ሌላ ነበር፤
እኔ የነዳሁት አቧራ ነው፣ መኪናው ከሥሩ ነበር።

ትርሲት፣ የጎረቤት ልጅ፣ በአጥሩ ሾልካ መጣች።
«ቀይ አይሻልም፣ ጋሼ?» አለች።
በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መሪውን በጥፍሯ አዞረች።
«ሰው የለውም?»
«የለውም።»
«ምንድን ነው የሚጭነው?»
«እህል።»
(ውሸት አይደለም። እህልም ጭነን እናውቃለን።)
«የጎን መስታወቱስ?»
«ተሰብሮ ነበር» አልኳት።

አልተሰበረም።

ግራ ካሱ ቁልቁለት፣ ሌሊት፣ መብራት አጥፍቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
ከጎኔ ረዳቴ ገልገሎ፣ ከኋላ ቁስለኛ፣
ጣውላውን የሚመታ አንድ እጅ አለ፣ የማይተኛ።
ቁም ይላል። ቁም። ቁም።
ገልገሎ «አንዴ እንቁም» አለኝ፤
ከቆምኩ የምነሳ አልመሰለኝም።
እጄን በመስኮት ሰድጄ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት፤
እስከ ታች ድረስ ኮከብ ብቻ አሳየኝ።
አላማጣ ስንገባ፣ ሲነጋ፣ ምቱ ቆሟል።
ከየትኛው መታጠፊያ ጀምሮ እንደሆነ
ገልገሎም አልነገረኝ።

ትናንት ቀባሁት። እንዲደርቅ ግንቡ ላይ አሳደርኩት።
ሌሊት ከሐይቁ ትንኝ ተነሥቶ፣
እርጥብ ቀለም አግኝቶ፣
አፍንጫው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ በሩ ላይ ተለጥፎ ነጋ።
በመርፌ አንድ በአንድ ማንሳት ጀምሬ ተውኩት፤
ሌሊቱን ሙሉ የተነዳ መሰለ፣
እንደዚያን ጊዜው፣ ጠዋት ላይ።

ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዳፏን ዘረጋች፦
የእናቷ የፊት መስታወት ስባሪ፣ ከጥፍር የማይበልጥ።
«በዚህ ሥራው።»

ሽቦውን አጠፍኩ። ሙጫውን ጠብ አደረግሁ።
አሥር ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ አይዞርም።
ስባሪው ሐይቁን አሳየኝ፣ ቀጥሎ የራሴን አገጭ፣
ቀጥሎ ነጩን የደንገል ወለል፣ ባዶውን።
«ቶሎ በል፣ ጋሼ፣ ይደርቃል!» ትለኛለች፤
ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤
አምስት፣
ስድስት፣
ጣቴ ስባሪው ላይ ነው፣
ሰባት።