በእርሳስ ብቻ ይሞላ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ወረቀት ማደል፣
ስም ያልተጻፈበት የልጆችን በደል
በፖስታ አሽጎ ለቢሮ ማድረስ፣
እስከ መጪው ጥቅምት፣ ዙሩ እስኪመለስ።

ማክሰኞ ጠዋት ሚልዋኪ መሀል፤
ደጁ ላይ የብረት መፈተሻው ያፏጫል፤
ቀበቶ ተፈቶ፣ ቦርሳ ተበርብሮ
ልጅ ይገባል ለትምህርት፣ እንደ እስረኛ ተቆጥሮ።
ከምሳ በኋላ መኪናዬን አስነስቼ፣
ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ምዕራብ ነድቼ፣
ሣሩ በማበጠሪያ የተበጠረ ሰፈር፤
አጥር የለበትም። ዝምታው ነው አጥር።
የኔም ቤት እዚያው ነው። ለኮርቢን ብለን ነው፣
ሌሊት የፖሊስ ሳይረን እንዳይቀሰቅሰው።

ጥያቄው አንድ ነው። ባለፈው ሠላሳ ቀን
ጠጥተሃል? አጭሰሃል?
የሰከረ በሚነዳው መኪና ተሳፍረሃል?
ላንተ ያልታዘዘ ክኒን ውጠሃል?
ክቧን አጥቁር። በእርሳስ ብቻ ይሞላ።
ላጲስ ተፈቅዷል፤
ምናለ የሆነውም እንዲህ ቢጠፋ ሁላ።

"የከተማውን ቀድመሽ ክፈቺ" አለችኝ አለቃዬ ሎረይን፣
"ጉዱ ያለው እዚያ ነው" መነጽሯን ሳታነሳ ከዓይን።

ከፈትኩ።
መላእክት አይደሉም፤ አለ የሰረቀ፣
በሰው ኪያ ሌሊቱን ሲበር የዘለቀ፣
በማግስቱ በዜና መልኩ የታወቀ።
ደግሞ አንዱ አለ፣ ሁሉ ላይ "በጭራሽ" እያለ የወረደ፣
አንዷ ጥያቄ ላይ እርሳሱ የከበደ፦
ፈርተህ ከትምህርት የቀረህበት ቀን ስንት ነው?
ክቡን ትቶ ከጎኑ፣
"መፍራቱን ነው መቅረቱን?
እፈራለሁ። አልቀርም። እህቴን ማን ያደርሳታል?"

ሁለተኛውን ፖስታ ስከፍት መሸ።
ዜና ያልዘገበው፣ ጎረቤት ያልሰማው፣
የሣር ማጨጃ ጩኸት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያሰጥመው፣
ገበና ነው ሁሉ፣ ሰፊ ጓዳ የሸሸገው፤
ፖሊስ ቢደርስበት እንኳ "ልጅነት ነው" ብሎ
እናቱ ደጅ የሚያደርሰው።

አንዷ በኅዳጉ፣ ፊደሏን አጥብባ፦
"የእማዬ ክኒን ነው። ቆጥራው አታውቅም።
እሑድ እነኬለን ጋራዥ ስድስት ነበርን።
ግሬታ አልነቃ ስትል በአትክልት ጎማ ውሃ አፈሰስንባት።
ነቃች። ሳቅን።
ሰኞ የኬሚስትሪ ፈተና ነበር፤ ዘጠና አራት አገኘሁ።"

ዘጠና አራት። የት ላስገባው? ክብ የለውም።
"ኅዳግ ላይ የተጻፈ አይቆጠርም" አለች ሎረይን፣ "ደንቡ አይፈቅድም።"

ወደ ቤት ስነዳ መብራቱ ሁሉ በርቷል፣
የሁሉም ደጅ ያምራል።
ኮርቢን ክፍሉ ነው፤ በበሩ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይታያል።
"እንዴት ዋልክ?" አልኩት ከውጭ።
"ደህና።"
ይህም በየትኛው ክብ እንደሚገባ አላውቅም።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩት፣
ድምፁ እንዳይሰማ፤ ብልቃጡን ገለበጥኩት
መዳፌ ላይ። ከጉልበቴ ቀዶ ሕክምና የተረፈ፣
አምና የታዘዘ፣ የረሳሁት፣ ቀኑ ያለፈ።
አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ከዚያ ብልቃጡ ወረቀት ላይ፣ ከስሜ በታች፣
ቁጥሩን ጻፍኩ፣
በእርሳስ።