የአርዜላ ሸክላ

ከእንፋሎቱ መሀል፣ ሸሚዝ ስንተኩስ፣
አርዜላ ታዜማለች፣ ላቧ እስኪፈስ።
አንገትጌው ላይ ያለ የሊፕስቲክ ምልክት
ስታገኝ ትስቅና፣ «የየትኛዋ እመቤት?»
ትለኛለች። የብረት ፋብሪካው ጥላሸት
ጌሪን ያጠቁራታል፤ እኛ እናነጣለን፣
የሰውን ባል ኃጢአት በሳሙና አጥበን።

ቅዳሜ ምድር ቤት ወርዳ፣ ማይክ ፊት ቆመች፤
በሁለት ደቂቃ ተኩል የልቧን ዘረገፈች፦

«አንተ ሲነጋ ስትመጣ ውሻው ጭራውን ይቆላል፣
እኔ አንድ ቀን ባመሽ ሰፈሩ አብሮት ይጮኻል።»

በወሩ ከተማው ሁሉ ያንኑ ሸክላ አዞረ።
ባሌ ሊሮይ ራሱ፣ ሳንቲም እየጨመረ፣
መጠጥ ቤት አስደገመው፤ ጣቱን እያጮኸ፣
ስለ ጎረቤቱ መስሎት።

ሬዲዮ ጠሯት። ጋዜጠኛው
«ማን አስከፋሽ፣ የኔ ልጅ?» አላት።
ከሷ በፊት የዘፈነው፣ ሦስት ሴት አለኝ ያለው፣
«ማን አስከፋህ?» የሚል አልገጠመው።
ለጊታር መቺው ቼክ ጻፉለት፤
ለአርዜላ ካፖርት ሰጧት፣
ያውም ሰፊ፣ በሌላ ሴት ልክ የተሰፋ።

እሁድ ፓስተሩ «ሁላችን የሸክላ ዕቃ ነን» ሲሉ፣
ጎኔን ጎሸመችኝ፦
«የኛ ስንጥቅ ግን ይሰማል።»

ትናንት ከትርዒቷ ስመለስ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ሊሮይ ሸክላዋን ከፍቶ በካልሲው ይደንሳል።
መርፌው ልክ ውሻው ጋ ሲደርስ
ዞሮ አየኝ፣
«የት አምሽተሽ ነው?» አለኝ።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣
ሄጄ ድምፁን ጨመርኩለት።