ጉም ያየን ቀን

ከስንት ወር ልመና፣ ከስንት ወር ደጅ ጥናት፣
በአንድ ዓርብ ላይ ዋለ የአምስታችን ዕረፍት።
ኑረዲን መኪናዋን አሠሪውን አስፈቅዶ፣
ቤንዚኑን እኛ ልንችል፣ ጠበቀን ማልዶ።

ትርንጎ ፊት ተቀመጠች፣ «መንገድ ያዞረኛል» ብላ፤
እኔ፣ ዘምዘም፣ አያልነሽ ከነድስታችን ኋላ።
ድስቱ የማዳም ነው፤
ሩዙም የማዳም ነው፤
ረሃቡ ብቻ የግላችን ነው።

ሐምሌ ነው። የሰላላ ተራራ አረንጓዴ ለብሷል፤
ሰው ከኩዌት፣ ከሪያድ፣ ሺ ኪሎ ሜትር ነድቶ ደርሷል፣
ምንጣፉን በካፊያ ውስጥ አንጥፎ ሊቀመጥበት፣
ዝናብ የሚሉትን ነገር ልጁን ሊያሳይበት።
አንድ አባወራ አየን፣ ነጭ ልብሱን ሰብስቦ፣
አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ እንደ ጫጩት ተርቦ።
አያልነሽ በሳቅ ፈረሰች፦
«እኛ'ኮ ከዚህ ነው የሸሸነው!
ከቆርቆሮው ሽንቁር ሥር ጣሳ ደቅነን ያደግነው!
ደግሞ ይሄ ጅማ ላይ ስሙ ጭቃ ነው።»
ሳቋን ሳትጨርስ ጫማዋን አወለቀች።
በጭቃው ላይ ቆመች።
ብዙ ቆየች።

ዳርባት ፏፏቴ አለ ተባልን፤ ሽቅብ ወጣን።
ጉም ዋጠን።
ግመል መንገዱ መሀል፣ አንገቷ ብቻ ታየን፤
ኑረዲን ጥሩምባ ነፋ፤ እያመነዠከች አየችን።
እኛ ልናይ መጥተን፣
ያየን እሷ ሆነች።

ውሃው ይሰማል፣ የት እንዳለ አይታወቅም፤
ዘምዘም «ቁሙ» አለችን፤ ከሳቅ በቀር ማንም አልቆመም።
ፎቶው ላይ የትርንጎ ቀይ ሻርፕ ብቻ ወጣ፣
የቀረነው ነጭ ነን፤ ከወረቀት የነጣ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ማዳም ናት። «ወይኒክ? የት ነሽ?»
ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነበር፦
ወጥ ቤት፣
ሰገነት፣
የልጆቹ መኝታ በር።
«አላውቅም፣ ማዳም» አልኳት።
እውነቴን ነው። እኔም አላውቀውም ነበር።
እሷ ዝም አለች፤
እኔም ዝም፤
በመካከላችን ውሃው ይወርድ ነበር።

ከዚያ ጉሙ ለአፍታ ተከፈተ፤ እጅ ለማጨብጨብ ያህል።
ለካ ከገደሉ አፋፍ ሁለት እርምጃ ቀርቶናል!
ከታች ላሞች፣ ሣር፣ ነጭ አረፋ፣ ጥቁር ድንጋይ፤
አንድም ሰው ስልኩን አላነሳ።
ኑረዲን እንኳ ሩዙ አፉ ውስጥ፣ ማኘኩን ረሳ።
ተመልሶ ተዘጋ።

ማታ ድስቱን ሳጥብ ከቂጡ የተጣበቀች
አንዲት የሣር ዘለላ አገኘሁ፤ ገና እርጥብ ነበረች።
ድስቱን ወደ ቦታው መለስኩ፣ አንጸባርቄ፣ ወልውዬ።
ሣሯን የት እንዳደረግኋት ግን
ለማንም አልናገር።