አውጫጭኝ

ውርጭ ባዘለ ጠዋት፣ በመሐል ሜዳ ብርድ፣
ስልኬ ጮኸ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ።
«ትርሲት፣ ቶሎ ድረሽ፤ ማሽኑ ዝም አለ፣
ትናንት እስከ ማታ ደህና ሲሠራ የዋለ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ የፍርድ ቤት በር ጸሐፊ፣
የስንቱን ሰው በደል በወረቀት አሳላፊ።
ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ቢሻገሩም ዘንድሮ፣
ጣታቸው አለቀቀም የድሮውን ኑሮ፤
ቁልፍ ሲመቱበት ጠረጴዛው ይናጋል፣
መስመር ባለቀ ቁጥር
ግራ እጅ ተነሥቶ መግፊያውን ይፈልጋል።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣
የቴምብሩን ብር በመቀነት ቋጥረዋል፤
የወሰን ይግባኙ ዛሬ ያበቃል ቀኑ፣
ስድስት ገጽ አቤቱታ ታስሮ በሳጥኑ።

«በሉ አውጫጭኝ ይሁን» አሉ ጋሽ በርጩማ ስበው፣
«ጥፋተኛው ሳይለይ ውልፍ የሚል የለም ሰው፣
ሽቦም ቢሆን።»

መጀመሪያ ቀረበ የግድግዳው ሶኬት፤
የስልኬን ቻርጀር ሰካሁ፣ በራ፤
ነፃ ወጣ ያለ ዋስ፣ ያለ ሙግት።
ዲቫይደሩ ቀጠለ፤ አንድ ዓይኑ ጠቁሯል፣
«ጻፊው» አሉኝ ጋሽ፣ «ይሄስ ተጠርጥሯል።»
በሌላ ለወጥሁት። ሳጥኑ ግን አልነቃ፣
የችኮላ ፍርድ ዕድሜው ወዲያው አበቃ።

አራት ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ባነሣ፣
የሦስት ዓመት የበግ ጠጉር፣ የሦስት ዓመት አበሳ!
ባለቤታቸው እዚያው ክፍል ጠጉር ይፈትላሉ፤
«ለሰው ባና እንጂ ለሱ ካባ መች ሠራሁ?» ይላሉ።
ፋኑ እንዝርት ሆኖ፣ ክር ጠምጥሞ ቆሞ፣
በዚህ ሁሉ ብርድ በሙቀት ታሞ።
ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ደጅ አራገፍሁ፣
አስነሣሁ።
ሦስት ጊዜ «ጢጥ» ሲል ቆሜ ሰማሁ።

«ምን አለ?» አሉ ሁለቱም። «ራም ላይ ነው የጠቆመው፤
የቅርብ ጊዜ ትዝታው ነው የታመመው።»
«እንደ እኔ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ፣
«ትናንትን ረስቶ የሚያስታውስ ድሮ፣
የወሰኑን ድንጋይ በየተራ ቆጥሮ።»

የልጅ ልጃቸው ላጲስ፣ ጫፉ የተበላ፣
የራሙን የወርቅ ጥርስ ፈተግሁ በሱ ገላ፤
መለስሁት። ጠቅ አለ።
ጭጭ። ጢጥታው ጠፋ እንጂ የለም ምንም ሌላ።
ሃርድ ዲስኩን ጠየቅሁ ጆሮዬን አስጠግቼ፤
«ይዞራል፣ አልሞተም» አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ፈርቼ።
የሽቦውን ጫፍ ሁሉ አንድ በአንድ ነቀልሁ፣
አንድ በአንድ መለስሁ፣
ስሙን የማላውቀውን እንኳ ሳይቀር ነካሁ።
ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፤
የግድግዳው ሰዓት ሰባትን ያልፋል።

«ጋሽ፣ ከዚህ በኋላ እኔ እንጃ» አልኩኝ፤
ባለሙያ ተብዬ ይህን ማለት ከበደኝ።
ዝም አሉ። ተነሡ። ማብሪያውን ሳይጫኑ፣
መዳፋቸውን እንደ በሬ ጀርባ አሳረፉ በሳጥኑ።
«ወንድሜ፣ የሰው ቀጠሮ ነው፤ አታሳፍረን።»
ተጫኑት።
በራ።

ለምን? አትጠይቁኝ።
ራሙ ይሁን፣ ጠጉሩ፣ የላላ አንድ ሽቦ፣
ወይ ብርዱ ለቀቀው፣ ፀሐይ በመስኮት ቀርቦ፤
የተከሰሰው በዝቶ ጥፋተኛው ሳይለይ፣
አውጫጭኙ ተበተነ፣ ይግባኝ ባይ ሳይታይ።

ከአታሚው ወጣ ስድስት ገጽ፣ ትኩስ ወረቀት፤
ወይዘሮ በለጥሻቸው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት፣
ስምንት ሳይሞላ ደረሱ፣ አሉ፣ በዚያ ዳገት።
እኔም የጋሽን ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁ፤
«ነገ ላይነሣ ይችላል» ብዬ አስጠነቀቅሁ።
ባለቤታቸው የእግር ሹራብ ሰጡኝ፣ ነጭና ጥቁር ጠጉር፤
ያው፣ ፋኑን ያነቀው ዓይነት ክር።

መንገድ ላይ እጄን ኪሴ ብከት ለሙቀት፣
አንድ ብሎን አገኘሁ፤
አራት ፈትቼ ሦስት ነው ለካ የመለስሁት።
ጨበጥሁት፤ ቀዝቅዟል።
እሱም «አላየሁም» ይላል።