የበረዶ ጠባሳ

ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ሲያባርር ውሎ
ሮብሌ መጣ ጁስ ቤቴ፣ በሁለት ልጅ ተንጠልጥሎ፤
ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሎሚ የሚያክል እብጠት፣
አንዱ «ይታሽ» ይላል፣ አንዱ «ወጌሻ ጥሩለት»።

በሃይላንድ የረጋ በረዶ አወጣሁ፣
የባሌን አሮጌ ሽርጥ አለበስሁ።
«ጨርቁን አንሺው አክስቴ፣ ቅዝቃዜው አልደረሰኝ!»
«ሩብ ሰዓት ብቻ፣ በጨርቅ። ዝም ብለህ ስማኝ።»

ቀሚሴን ሰብሰብ አርጌ ቅልጥሜን አሳየሁት፤
ሳንቲም የምታህል፣ ነጭ፣ የደነዘዘች ቦታ።
«ዘይት ነው?»
«በረዶ» አልሁት።
«እራቁቱን አስሬው፣ ከቀትር እስከ ማታ
እንቅልፍ ጣለኝ።»

ሳቀ። «በድሬ ሙቀት?»
«በድሬ ሙቀት።»

ሳቁ ቆመ።
ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል ሲሚንቶው ላይ፤
እግሩ የስኳር ጆንያ ላይ፣ ዐይኑ ግድግዳ ሰዓቴ ላይ፤
«አክስቴ… ሩብ ሰዓቱ አልሞላም ወይ?»