የሰዓት ያዥ ሪፖርት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ለገሃሬ ጣቢያ ላይ፣
ባቡር ያሳለፍኩኝ፣ ደቂቃ ሳልዘገይ፣
ፉርጎ የሸኘሁኝ በአረንጓዴ ጨርቅ፣
ያስቆምኩ በቀዩ ሲመጣ ከሩቅ፣
ጡረታ ወጣሁኝ። ሰዓቴን ግን ዛሬም
በየጧቱ እሞላለሁ፣ ባቡር ባይመጣም።

አንድ ቀን ፈትለወርቅ፣ የሳቢያኗ መምህር፣
ከባጃጅ ወረደች ከደጄ ዛፍ ሥር።
«ሰዓት ያዥ አጣን» አለች፤ «ልጆቼ ይሮጣሉ።»
«የትኛው ትምህርት ቤት?» አልኳት። «ከየጓዳው አሉ፤
እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋባቸው፣
ሃያ ዓመት አልፏቸው ‹ሕፃን› የሚሏቸው።»

አልዋሽም፤ እሺ ያልኩት ለነሱ አይደለም፤
ሥራ የፈታ ሰዓት ውሎ አድሮ አይታመንም።

ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው ባዶ፤
ክረምት ነው ሳይነግር የሚመጣው ወርዶ።
ፀሐይ ሳትከርር፣ ከጧቱ በአሥራ ሁለት፣
መቶ ሜትር ለካን፣ ኖራ በተንንበት።
ዘጠኝ ሆነው መጡ። ዋርሳሜ ቀደመ፣
ባንዱ እግሩ ሸበጥ፣ ባንዱ ሸራ አርጎ ቆመ።
ኪሩቤል አቅፎኝ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ፤
ስነግረው ሳቀና ደግሞ ጠየቀኝ።
ሆዳን ግን ከእናቷ ኋላ ተለጥፋ፣
ፊሽካው ገና ሲነፋ ጆሮዋን አቅፋ
ቁጢጥ አለች መሬት። ድጋሚም ያው ሆነ።
ከድልድዩ ያየ ሰው ሳቀ፤ አንዱ አዘነ።
እኔን ከሳቀው ይልቅ ያዘነው አበገነኝ፤
ያን ጊዜ ከሣጥኔ የቀረው ጨርቅ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ይዤው መጣሁ። አረንጓዴው ፈዝዟል፤
ያም ሆኖ ባቡር ሁሉ ለሱ ታዝዟል።
«ሆዳን፣ ይህን እዪ፤ ድምፅ የለውም፤ ጨርቅ ነው፤
ሲወርድ ትሄጃለሽ፤ ሌላ ነገር የለው።»
ቀና አለች። ጨርቁን እንጂ እኔን አላየችም።
አወረድኩት።
            አልሮጠችም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨርቅ ሳነሳ ሳወርድ፣
እሷ ስታይ ብቻ፣ ወደፊት ሳትራመድ።

በመካከሉ ደግሞ ቢሮ ተመላለስን፤
ጫማና የውኃ ጀሪካን፣ ጥላ ድንኳን ለመንን።
ሹሙ ወረቀቱን ገልበጥ አርጎ አየና፣
«መቼ ሜዳሊያ ያመጣሉ?» አለ በትሕትና።
ፈትለወርቅ ዝም አለች። እኔ ግን አልቻልኩም፤
«ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ስሸኝ፣ አንዱንም
ሜዳሊያ አላመጣህም ብዬ አላስቀረሁም፤
ሀዲድ አለው፣ ይሂድ ነው ያልኩት፤ ሌላ አላልኩም።»

ፊርማውን ነፈገን። ገበያ ወረድን።
የጫተራ ሴቶች ሁለት ጥንድ ጫማ ገዙልን፣
ባጃጆች በተራ በነፃ አመላለሱን፤
ያ ከድልድዩ ላይ ከንፈር የመጠጠልን
ኖራ ተሸከመ በየጧቱ። ገረመን።

እና በአንዱ ሐሙስ፣ ጨርቁን ስጥለው ወደ ታች፣
ሆዳን ተነሣች።
አሸዋው ከእግሯ ሥር እንደ ውኃ ፈላ፣
የእናቷ «ቢስሚላሂ» ቀድሟት ሄደ፣ ኋላ
ዋርሳሜ፣ ኪሩቤል... መሥመሩን አለፈች፤
መቆም ማን ነግሯት? ቀጠለች።
መሥመር ማለት መጨረሻ ነው ያላት የለማ፤
የሷ መሥመር ሃያ ዓመት የቤት ደፍ ነበርማ።
በድልድዩ ሥር አልፋ፣ ግመሎቹን አልፋ፣
ቢጫ ሻሿ ከቀፊራ በኩል ብልጭ ብሎ ጠፋ።
ፈትለወርቅ «ስንት ገባች?» አለችኝ እየጮኸች፤
እናቷ ሸበጧን ጥላ ኋላዋ ሮጠች።
እኔ... ሰዓቱ በእጄ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፤
አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ መጫን ረስቷል።
ደቂቃ ያልሳትኩ ሰውዬ!

እንግዲህ ሪፖርቴ ይህ ነው፦
ስም፣ ሆዳን። ርቀት፣ አልተለካም።
ሰዓት፣ አልቆመም።
የሚያስፈልግ፣ ሰባት ጥንድ ጫማ፣ ውኃ፣
ረዘም ያለ ገመድም፤
የመቶ ሜትሩ አልበቃም።